ድመት ይዞ ዘመድ ጥየቃ፦ ከመንገዱ በፊት የሚያስፈልገው ዝግጅት

ባሕር ዳር፦ ሐምሌ ሲጋመስ የመናኸሪያዎች ገጽታ ይለወጣል። ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ፍልሰታን በትውልድ ቀያቸው ለመጾም፣ ቡሄን ከአያቶቻቸው ጋር ለማሳለፍ፣ አዲሱን ዓመትና መስቀልን ከዘመድ አዝማድ ጋር ለመቀበል የሚነሡ መንገደኞች ከከተማ ወደ ገጠር ይጎርፋሉ። በሻንጣውና በፌስታሉ መካከል አልፎ አልፎ አፉ በሲባጎ የታሰረ፣ ውስጡ የሚንቀሳቀስ ጆንያ ይታያል። ጠጋ ብሎ ላዳመጠ የደከመ የድመት ድምፅ ይሰማል።

ድመት ይዘው ወደ ዘመድ የሚጓዙ ሰዎች ሁለት ዓይነት ናቸው። አንዳንዶቹ ቤታቸውን ዘግተው ለሳምንታት ስለሚሄዱ ድመታቸውን በአደራ የሚሰጡት ጎረቤት ያጡ ናቸው። ሌሎቹ ደግሞ ክረምት በገባ ቁጥር አይጥ ጎታቸውን ለሚያራቁትባቸው ወላጆች አስበው ግልገል ድመት በስጦታ የሚወስዱ ናቸው። የሁለቱም ችግር አንድ ነው፤ ስለ ድመቷ ጉዞ የሚታሰበው በመነሻው ዋዜማ ነው። ድመትን በሰላም ማድረስና የተቀባዩን ቤተሰብ ጤና ሳያጓድሉ ማቆየት የሚቻለው ግን ዝግጅቱ ቢያንስ ከአንድ ወር ቀደም ብሎ ሲጀመር ነው። ለምን እንደሆነ ከስጦታው ዋጋ ተነሥቶ ማየት ይሻላል።

ክረምት በአርሶ አደር ቤት እህል የሚመናመንበት ወቅት ነው። ባለፈው በጋ የተወቃው ሊያልቅ ተቃርቧል፤ አዲሱ ገና በማሳ ላይ ነው። በጎታው ግርጌ የቀረችው ጤፍ ወይም በቆሎ አዲሱ እስኪደርስ የቤተሰቡ ቀለብ ናት። በዚሁ ጊዜ ዝናቡ የሜዳውን ጉድጓድ በውኃ ስለሚሞላው አይጦች ደረቅና ሞቃት ስፍራ ፍለጋ ወደ ቤት ይገባሉ። አንድ የቤት አይጥ በቀን ከ15 እስከ 25 ግራም እህል ይበላል። ሃያ አይጦች የሰፈሩበት ቤት በቀን 400 ግራም ገደማ፣ በሦስት ወር ደግሞ 36 ኪሎ ግራም ያህል ያጣል ማለት ነው። ይህ የተበላው ብቻ ነው፤ በሽንትና በዓይነ ምድር ተበክሎ ለሰው የማይሆነው፣ ከተቀደደ ጆንያ የሚፈሰው ከስሌቱ ውጭ ነው። የአይጥ የእርግዝና ጊዜ ሦስት ሳምንት ገደማ በመሆኑም ሃያዎቹ ሃያ ሆነው አይቆዩም።

ድመትና እህል አብረው መጓዝ የጀመሩት ዛሬ አይደለም። የቤት ድመት የዘር ሐረግ የሚመዘዘው ከሰሜን አፍሪካና ከመካከለኛው ምሥራቅ የዱር ድመት ነው። ተመራማሪዎች እንደሚያስረዱት፣ ይህች የዱር ድመት ወደ ሰው መንደር የቀረበችው ሰው እህል ማከማቸት ሲጀምርና ክምችቱም አይጥን ሲስብ ነው። በቆጵሮስ ደሴት 9 ሺህ 500 ዓመት ገደማ ካስቆጠረ መቃብር ውስጥ ከሰው አጠገብ የተቀበረች ድመት ተገኝታለች፤ ግኝቱም በ2004 እ.ኤ.አ ይፋ ሆኗል። ደሴቲቱ የራሷ የዱር ድመት ስላልነበራት፣ ድመቶችን በጀልባ ጭኖ ያሻገራቸው ሰው ነው። ባሕር ከተሻገሩት ከእነዚያ ድመቶች ጋር ሲነጻጸር ከባሕር ዳር እስከ ሞጣ ያለው መንገድ አጭር ነው።

ይሁን እንጂ ድመት ብቻዋን የአይጥ መፍትሔ ናት ማለት አይቻልም። በዛሬዋ ኢስዋቲኒ የገጠር መኖሪያዎች ተካሂዶ በ2017 እ.ኤ.አ የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ አይጦች እንቅስቃሴያቸውንና አመጋገባቸውን የቀነሱት ድመትና ውሻ በአንድነት በሚኖሩባቸው ግቢዎች ነው። አይጥን የሚያርቀው መገደሉ ብቻ ሳይሆን ፍርሃቱም ጭምር ነው ማለት ነው። ስለዚህ ጎታውን ከግድግዳ ማራቅ፣ ክዳኑን ማጥበቅ፣ በጎተራው እግሮች ላይ አይጥ እንዳይወጣ የሚከለክል ቆርቆሮ ማሰር፣ ድመት መጣች ተብሎ የሚተው ሥራ አይደለም።

እዚህ ላይ ከእህል የሚበልጥ ጉዳይ አለ። በአማርኛ "የእብድ ውሻ በሽታ" የሚባለው ሬቢስ በስሙ ውሻን ብቻ ስለሚጠራ፣ ድመት ከጥርጣሬ ውጭ ሆና ትኖራለች። ስያሜው መሠረት አለው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ በሽታው ወደ ሰው ከሚተላለፍባቸው አጋጣሚዎች እስከ 99 በመቶ የሚሆኑት በውሻ ምክንያት የሚመጡ ናቸው። ሆኖም ቫይረሱ ማንኛውንም አጥቢ እንስሳ ሊይዝ ይችላል። በሌሊት በየአጥሩ ሥር የምትዞር ድመት በታመመ ውሻ ወይም በዱር አውሬ ልትነከስ፣ ከዚያም በተራዋ ሰው ነክሳ ልታስተላልፈው ትችላለች። የታመመች ድመት ሁልጊዜ እንደ ውሻ አደባባይ ወጥታ አትቅበዘበዝም። ጨለማ ጥግ ልትሸሸግና ሊያወጣት እጁን የሰደደውን ሰው በድንገት ልትነክስ ትችላለች። ከአልጋ ሥር ድመት ለማውጣት እጁን የሚሰድደው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ልጅ ነው።

ይህን በጉዞ ላይ እናስበው። ያልተከተበችና ታሪኳ የማይታወቅ ድመት ከከተማ ሠፈር ትያዛለች፤ በጆንያ ታስራ ለሰዓታት ትጓዛለች፤ በፍርሃት እንደተወጠረችም የልጅ ልጆች በተሰበሰቡበት ቤት ትለቀቃለች። ፍጹም ጤነኛ ብትሆን እንኳ ለማምለጥ ስትሞክር ትቧጭራለች፣ ትነክሳለች። ሬቢስ ምልክቱ በሰው ላይ ከታየ በኋላ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ይገድላል። አንድ ልጅ በተነከሰባት ቅጽበት "ድመቷ ተከትባለች ወይ?" የሚል ጥያቄ ይነሣል። አምጪው መልሱን ካላወቀ በመንደሩ የሚያውቅ ሌላ ሰው አይኖርም።

ስለዚህ የመጀመሪያው ዝግጅት ክትባት ነው። ግልገል ድመት የሬቢስ ክትባት የምትወስደው ሦስት ወር ሲሞላት ነው። ክትባቱ በተሰጠበት ዕለት ጋሻ አይሆንም፤ ሰውነቷ በቂ የመከላከል አቅም እስኪገነባ ከሦስት እስከ አራት ሳምንት ይወስዳል። ከዓመት በኋላም ይደገማል። አራቱን ሳምንት በቀን መቁጠሪያ ላይ ወደ ኋላ ስንቆጥር፣ ለቡሄ የሚጓዝ ሰው ድመቱን እስከ ሐምሌ 15፣ ለእንቁጣጣሽ የሚጓዝ እስከ ነሐሴ 8፣ ለመስቀል የሚጓዝ ደግሞ እስከ ነሐሴ 24 ማስከተብ ይኖርበታል። የክትባቱ ማስረጃ ከድመቷ ጋር ሄዶ በተቀባዩ ቤት መቀመጥ አለበት። ክትባቱ በአቅራቢያ ካለ የእንስሳት ጤና ክሊኒክ ይጠየቃል፤ ቀድሞ ስልክ ደውሎ መድኃኒቱ መኖሩን ማረጋገጥ ከከንቱ ምልልስ ያድናል።

ስለ ዕድሜ ካነሣን አንድ የቆየ ልማድ መታረም አለበት። ዓይኗን በገለጠች ማግሥት ግልገልን ከእናቷ ነጥሎ ለዘመድ መስጠት እንደ ደግነት ይታያል፤ "ከልጅነቷ ትለምዳችሁ" ይባላል። ግልገል ቢያንስ ስምንት ሳምንት ሳይሞላት ከእናቷ መለየት የለባትም። እናት ድመት ከወተቱ ሌላ አደንም ታስተምራለች፤ በመጀመሪያ የሞተ፣ ቀጥሎ ነፍሱ ያልወጣ አይጥ እያመጣች ግልገሎቿን ታለማምዳለች። ለአይጥ ታስባ የተሰጠች ግልገል ይህን ትምህርት ሳትጨርስ ከሄደች ስጦታው ከዋናው ዓላማው ጎድሏል። የክትባቱንና የትምህርቱን ጊዜ ስንደምር፣ በእኔ ግምት ለመንገድ የደረሰች ድመት የምትባለው አራት ወር ገደማ የሞላት ናት። በዚያ ዕድሜ እንደ ትንሿ ግልገል አታሳሳም፤ ለጎታው ግን ትጠቅማለች።

ጥንቃቄው ሁሉ ተደርጎም ንክሻ ወይም ጭረት ካጋጠመ የሚደረገው ነገር አስቀድሞ ይታወቅ። ቁስሉን ወዲያውኑ በብዙ ውኃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ ማጠብ ይገባል። ከዚያም ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ ያስፈልጋል፤ የሰው ክትባት እንደሚያስፈልግ ወይም እንደማያስፈልግ የሚወስነው የጤና ባለሙያ ነው። ድመቷን ገድሎ መጣል ስሕተት ነው። ለ10 ቀን ተዘግቶባት በጥንቃቄ ትታያለች፤ በእነዚህ ቀናት ጤነኛ ሆና ከቆየች፣ በነከሰችበት ጊዜ በምራቋ ውስጥ ቫይረሱ እንዳልነበረ ይታወቃል። ይህን ክትትል እየጠበቁ ሕክምናውን ማዘግየት ግን አይገባም። ጸበል የሚሄድ ሰው ክትባቱን ለመውሰድ የሚከለክለው ነገር የለም፤ ሁለቱ አብረው ይሄዳሉ። አደጋ ላይ የሚጥለው ቁስሉ ትንሽ ነው ብሎ፣ ወይም ባህላዊ መድኃኒት ፍለጋ ቀናትን ማባከን ነው።

በነገራችን ላይ የዓለም የሬቢስ ቀን የሚታሰበው በፈረንጆቹ መስከረም 28፣ በእኛ አቆጣጠር ብዙውን ጊዜ መስከረም 18፣ ማለትም በመስቀል ማግሥት ነው። ዕለቱ ፈረንሳዊው ሳይንቲስት ሉዊ ፓስተር ያረፈበት ነው። ፓስተር በ1885 እ.ኤ.አ በክትባቱ ያከመው የመጀመሪያው ሕፃን በውሻ የተነከሰ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር፤ ልጁም ድኗል። ቀኑ ከዘመድ ጥየቃው ወቅት ጋር መግጠሙ ለገጠር ጤና ባለሙያዎች መልካም የማስተማሪያ አጋጣሚ ይመስለኛል።

ክትባቱ ካለቀ ቀጣዩ ጥያቄ በምን ትሂድ የሚለው ነው። ድመትን በጆንያ ማሰር የተለመደው "መንገዱን ካየች ተመልሳ ትመጣለች" በሚል እምነት ነው። በመንገድ ላይ ዓይኗን መሸፈን ወደ ለመደችው ቤት የመመለስ ፍላጎቷን አያጠፋውም፤ ያንን የሚያበርደው ከደረሰች በኋላ የሚደረግላት አቀባበል ነው፤ ወደ እርሱ እንመለሳለን። ከጆንያዎች ሁሉ የከፋው የማዳበሪያ ጆንያ ነው። ማዳበሪያው እርጥበት እንዳያገኘው ተብሎ በፕላስቲክ ክር የተሸመነ፣ ከውስጥም ላስቲክ ያለው ነው። ውኃ የማያስገባው ላስቲክ አየርም አያስገባም። በጥጋ ጥጉ የቀረ የዩሪያ ወይም የኤን ፒ ኤስ ፍርፋሪ በሽንቷ ሲርስ ቆዳዋንና ዓይኗን ይለበልባል። በግብርና ኮሌጅ ስለ ማዳበሪያ ጆንያ አያያዝ በተማርንበት ሰዓት ስለ ድመት የተነሣ ነገር አልነበረም፤ ስለ ድመት በጠቅላላው የተማርነው ከጥቂት መስመሮች አያልፍም። ከብቱ፣ በጉና ዶሮው ጊዜውን ይወስደዋል።

የሚሻለው ክዳን ያለው ቅርጫት ነው። በእንጅባራና በአካባቢው ከቀርከሃ የሚሠሩት ቅርጫቶች አየር ያስገባሉ፣ አይሰበሩም፣ ይታጠባሉ። ድመቷ በውስጡ ቆማ መዞርና ተጋድማ መተኛት ከቻለች ስፋቱ በቂ ነው፤ ከዚያ በላይ ሲሰፋ በየኩርባው እየተንከባለለች ትጎዳለች። በካርቶን የሚሄድ ሰው በጎንና በጎኑ ብዙ ቀዳዳ ይብሳ፤ ካርቶን በሽንት ሲርስ ከታች ስለሚቀደድ ግን ለረጅም መንገድ አይሆንም። ሁለት ድመቶችን በአንድ ቅርጫት ማድረግም አይመከርም፤ በቤት ተቃቅፈው የሚተኙ ድመቶች በፍርሃት ውስጥ ሊቧጨሩ ይችላሉ።

ቅርጫቱ በጉዞው ዕለት ማለዳ ለመጀመሪያ ጊዜ ሲወጣ ድመቷ እንደ ወጥመድ ታየዋለች። ከሁለት ሳምንት በፊት ክዳኑ ተከፍቶ በቤት ጥግ ይቀመጥ፤ የምትተኛበት አሮጌ ነጠላ ይነጠፍበት፤ ምግቧም አልፎ አልፎ በውስጡ ይሰጣት። ድመት ዓለሙን በሽታ ትለያለች፤ የራሷ ጠረን ያለበት ጨርቅ በማታውቀው መንገድ ላይ ቤቷን ይዛ እንደመሄድ ነው። ያ ነጠላ ሳይታጠብ ይሂድ።

በሕዝብ ማመላለሻ የሚጓዝ ሰው ትኬት ከመቁረጡ በፊት ለረዳቱ ይንገር። አንዳንዱ ሹፌር አይፈቅድም፤ ይህም ያለ ምክንያት አይደለም። የድመት ፀጉር የሚያሳስለው ወይም ድመት የሚፈራ ተሳፋሪ አለ። ተደብቃ የገባች ድመት በመንገድ መካከል አምልጣ በሹፌሩ እግር ሥር ብትገባ የሚከተለው አደጋ የብዙ ሰው ነው። ከፈቀዱ ቅርጫቷ በጉልበት ላይ ወይም በእግር መካከል ትቀመጣለች። "ጣሪያ ላይ ትሁን" ከተባለ ግን ሌላ መኪና መፈለግ ይሻላል። ጣሪያ ላይ ዝናቡ፣ ነፋሱና ከላይ የሚጫነው ዕቃ አለ፤ በደሴ መንገድ ከ3 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ያለውን ጣርማ በርን በክረምት ጉም ውስጥ ርሳ የምታቋርጥ ድመት በሕይወት ላትደርስ ትችላለች።

ሙቀቱም ከብርዱ አያንስም። ከአዲስ አበባ ወደ ጎጃም የሚመጣ መንገደኛ ጎሐ ጽዮን ላይ ጋቢ ደርቦ፣ ዓባይ በረሃ ድልድዩ ላይ ሲደርስ ልብሱን ያወልቃል፤ ደጀን ላይ መልሶ ይደርባል። በጥቂት አሥር ኪሎ ሜትሮች ውስጥ ከአንድ ሺህ ሜትር በላይ ወርዶ እንደገና ይወጣል። ድመት ግን ፀጉሯን አታወልቅም፤ ላብ የሚወጣትም በመዳፏ ብቻ ስለሆነ በላብ መቀዝቀዝ አትችልም። ጤናማ የሰውነት ሙቀቷ ከ38 እስከ 39 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ ገደማ ነው። አፏን ከፍታ እንደ ውሻ ስታለከልክ ከታየች መታፈኗን ወይም ከመጠን በላይ መፍራቷን ያሳያል፤ መስኮት መክፈት፣ ቅርጫቷን የሸፈነውን ልብስ ማንሣት፣ መዳፏንና ጆሮዋን በውኃ ማርጠብ ያስፈልጋል። ለምሳ ሲወረድ በቆመ መኪና ውስጥ ዘግቶባት መሄድ ፈጽሞ የተከለከለ ይሁን። የአየሩ ጠባይ መለስተኛ በሚሆንበት ቀን እንኳ ፀሐይ ካገኘችው የተዘጋ መኪና ውስጥ ያለው ሙቀት በአንድ ሰዓት ከውጭው በ20 ዲግሪ ገደማ ሊበልጥ ይችላል፤ መስኮቱን በጥቂቱ ገርበብ ማድረግም ብዙ አይለውጠውም።

የኩርባ መንገድ ድመትንም ያጥወለውላል። ምልክቱ ለሃጭ ማዝረብረብ፣ ደጋግሞ መጮኽና ማስመለስ ነው። ከመነሻው በፊት ባሉት ከአራት እስከ ስድስት ሰዓታት ምግብ አለመስጠት ይረዳል፤ ውኃ ግን አይከልከልም፤ በየማረፊያው በጥቂቱ ይቅረብላት። ቅርጫቷን በስስ ጨርቅ መሸፈን ያረጋጋታል። እንቅልፍ ይውሰዳት ተብሎ የሰው መድኃኒት ወይም አረቄ መስጠት ግን መግደል ነው። በየቤቱ የሚገኘው ፓራሲታሞል ለድመት መርዝ ነው፤ ጉበቷ ስለማያስወግደው አንድ ፍሬ ኪኒን ሕይወቷን ሊያሳጣት ይችላል። የግድ ማረጋጊያ የሚያስፈልጋት ከሆነ የእንስሳት ሐኪም ያዝዛል።

አሁን ወደ ተቀባዩ ቤት እንግባ። ድመት ሳይነገር የሚመጣ እንግዳ መሆን የለባትም። "እማዬ፣ ድመት ላምጣልሽ?" የሚል ስልክ ብዙ ቅያሜ ያስቀራል። በቤቱ ነፍሰ ጡር ካለች ከድመት ዓይነ ምድር ልትርቅ ይገባል፤ ቶክሶፕላዝማ የተባለው ጥገኛ ተሕዋስ በዚያ በኩል ሊተላለፍና ፅንስን ሊጎዳ ስለሚችል ነው። ተሕዋሱ ከድመቷ ከወጣ በኋላ በሽታ አስተላላፊ ለመሆን ከአንድ እስከ አምስት ቀን ስለሚፈጅበት፣ ሌላ ሰው በየዕለቱ ጠርጎ ቢያርቀው አደጋው በእጅጉ ይቀንሳል። ይህ ተሕዋስ በጥሬ ሥጋም እንደሚተላለፍ ማስታወስ ፍትሐዊ ነው፤ ጥሬ ሥጋ እየበሉ ድመቷን ብቻ ማባረር ሥራውን በግማሽ መተው ነው። በቤቱ ጫጩቶች ካሉም ይጠየቅ። ጫጩት አይታ የማታውቅ የከተማ ድመት ከአይጥ ለይታ አታያትም፤ በዚህ ምክንያት ስጦታ ይዞ የሄደ ልጅ ከእናቱ ዶሮዎች ጋር ሊጣላ ይችላል። ጫጩቶቹ እስኪያድጉ በእንቅብ ወይም በወንፊት ሽቦ ሥር መቆየት አለባቸው። የግቢው ውሻም ቢሆን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ታስሮ መቆየት፣ ሬቢስንም መከተብ ይኖርበታል።

የምግቡ ነገር በፍልሰታ ወቅት ለብቻው ይታሰብ። ከነሐሴ 1 እስከ 15 በጾም ላይ ባለ ቤት ሥጋም ወተትም አይገኝም፤ ትራፊው ሽሮና ጎመን ነው። ድመት ግን ሥጋ በል ናት፤ "ድመት መንኩሳ ዓመሏን አትረሳ" የተባለው ለትዝብት ቢሆንም በተፈጥሮዋ እውነት ነው። ለዓይኗና ለልቧ የሚያስፈልጋትን ታውሪን የተባለ ንጥረ ነገር ከአትክልት አታገኝም። በወጡ ውስጥ ያለው ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት ደግሞ ቀይ የደም ሕዋሷን ያፈርሳል። አይጥ ማደን እስክትጀምር የደረቀ ዓሣ ወይም ቋንጣ በትንሽ ጨርቅ ቋጥሮ መሄድ ለአስተናጋጁም እፎይታ ነው። ወተትን በተመለከተ፣ ለድመት ወተት ማቅረብ የእንግዳ ተቀባይነት ምልክት ቢመስልም ብዙ ትልልቅ ድመቶችን ያስቀምጣል፤ ንጹሕ ውኃ ይበልጣል።

ድመቷ በደረሰች ዕለት ቅርጫቱን በደጅ ከፍቶ "ግቢ ልመጂ" ማለት ያገኟትን መልሶ ማጣት ነው። ድመት ከሰው ይልቅ ከስፍራ ጋር ትቆራኛለች፤ ስፍራው ሲለወጥባት የመጀመሪያ ሐሳቧ መሸሽ ነው። ልትቆይ የመጣች ከሆነ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት በአንዲት ክፍል ወይም በዕቃ ቤት ውስጥ ተዘግቶባት ትሰንብት። ያ ያልታጠበ ነጠላ፣ ውኃ፣ ምግብ፣ በጥግ ደግሞ ደረቅ አሸዋ ወይም አፈር የያዘ ሳጥን ይደረግላት። ምግቧን ሁልጊዜ ወደፊት የሚይዛት አንድ ሰው ይስጣት፤ ድምፁን ትልመድ። ከዚያ በኋላ የምትለቀቀው ሳትመገብ፣ ከእራት ሰዓት በፊት ነው፤ ርሃቡ ይመልሳታል። ለጥቂት ቀናት ጥየቃ ብቻ አብራ የመጣች የከተማ ድመት ግን እስክትመለስ ድረስ ከክፍሏ ባትወጣ ይሻላል።

በቤቱ የአይጥ መርዝ ተረጭቶ ከነበረ ድመቷ ከመምጣቷ በፊት ተጠርጎ መወገድ አለበት። ደም እንዳይረጋ በማድረግ የሚገድሉት መርዞች አይጡን ወዲያው አይጥሉትም፤ ለቀናት እየደከመ ይንቀሳቀሳል። ለድመት በቀላሉ የሚያዘው እንዲህ ያለው አይጥ ነው፤ መርዙም ከእርሱ ወደ እርሷ ያልፋል። መርዝና ድመት በአንድ ቤት አብረው አይሠሩም፤ ቤተሰቡ አንዱን መምረጥ አለበት። ድድዋ ወይም አፍንጫዋ የሚደማ፣ የምትደክም ድመት ካጋጠመች በፍጥነት ለእንስሳት ሐኪም ትታይ፤ በጊዜ ከተደረሰባት በቫይታሚን ኬ ትታከማለች።

ጠፍታ ከሆነ ደግሞ ፍለጋው ሩቅ አይጀመር። በአዲስ ስፍራ ያመለጠች ድመት በመጀመሪያዎቹ ቀናት ብዙውን ጊዜ በአቅራቢያ ተሸሽጋ ትቆያለች፤ ስሟ ቢጠራም በፍርሃት ድምፅ አታሰማም። የጎረቤት ጎተራ ሥር፣ የማገዶ ክምር፣ የጭድ ቤት፣ የቁልቋል አጥር ይታይ። ፍለጋው ሰውና ከብት ጸጥ ባለበት፣ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት በኋላ በባትሪ መብራት ቢሆን ዓይኗ ሲያበራ ትገኛለች። ቅርጫቱን ከነነጠላው በደጅ፣ ከዝናብ በተጠለለ ስፍራ ከፍቶ ማኖርና በአጠገቡ ጥቂት ዓሣ ማስቀመጥም ይረዳል። ስትገኝ ልጆች እንዳይከብቧት፤ የምታውቀው ሰው ብቻውን፣ እጁን በወፍራም ጨርቅ ጠቅልሎ ይያዛት።